እጅ ሽንኩርት ሲያቁላላ ሐሳብ ለምን ይመለሳል?

የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ ዜማ የሚደርስ፣ ልብስ የሚነድፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክፉ ወቅት አለ። ችሎታው አልጠፋም፣ ጊዜም አላጣም፤ ግን ሥራው ፊት ሲቀመጥ ውስጡ ጭው ይልበታል። የጀመረው ያስጠላዋል፣ አዲሱ አይመጣለትም። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምክር "ትንሽ እረፍ" የሚል ነው። ዕረፍት ደግሞ ዛሬ ዛሬ ስልክ ይዞ መጋደም ሆኗል። ስልኩን ሲያገላብጥ ያመሸ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ይተኛል እንጂ በማግስቱ ልቡ ተነሣሥቶ አይነሣም።

ይኸው ሰው ከሥራ ተመልሶ ሽንኩርት ከትፎ፣ ምስር ጥዶ፣ ቃሪያውን ሰንግ አድርጎ ራቱን ሲበላ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ድካሙ እንዳለ ነው። ሆኖም "እስቲ ያንን የተውኩትን ነገር አንዴ ልየው" የሚል ስሜት ሽው ይልበታል። ብዙዎች ይህን "ምግብ ማብሰል ያዝናናል" ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። ዓይን የሚያነድ ሽንኩርት፣ የሚፈናጠር ዘይት፣ በመጨረሻ የሚጠብቅ የቆሸሸ ድስት መዝናኛ አይደለም። ወጥ ቤት የነጠፈን ስሜት የሚመልሰው አንድን ሙሉ ሥራ ጀምሮ የመጨረስ ዕድል በአንድ ምሽት ስለሚሰጥ ነው፤ ያውም ማንም ሳይከፍልበት፣ ማንም ማርክ ሳይሰጥበት። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ስሜት

ስለ ተነሣሽነት ስናስብ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ስሜቱ ይመጣል፣ ከዚያ ሥራው ይጀመራል እንላለን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ሌዊንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ድብርት ሲጽፍ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። ሰው ከሚያደርጋቸው ነገሮች በራቀ ቁጥር ደስ የሚለው አጋጣሚ ያንሳል፤ አጋጣሚው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። ከዚህ አስተሳሰብ ያደገው የሕክምና ዘዴ ታማሚውን "ስሜትህ እስኪስተካከል ጠብቅ" አይለውም። ትንሽ፣ የተወሰነ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ሥራ እንዲጀምር ያደርገዋል፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል።

ለፈጠራም የሚቀራረብ ነገር ታይቷል። በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ታምሊን ኮነርና ባልደረቦቿ 658 ወጣቶች ለ13 ቀናት ውሏቸውንና ስሜታቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። ወጣቶቹ ከወትሮው የበለጠ ፈጠራ ያለበት ነገር በሠሩ ማግስት የበለጠ ንቃትና ጉጉት ተሰምቷቸው ነበር። የተገላቢጦሹ ግን አልታየም፤ ጥሩ ስሜት ላይ መሆናቸው በማግስቱ ይበልጥ ፈጣሪ አላደረጋቸውም። ወጣቶቹ "ፈጠራ" ብለው ከመዘገቧቸው ነገሮች መካከል ግጥምና ሥዕል ብቻ ሳይሆን ሹራብ መሥራትና አዲስ ምግብ መሞከርም ነበሩበት።

ማብሰል ከግጥምና ከሥዕል የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ሥዕል ለነገ ይባላል፤ ራት አይባልም። ስሜቱ ኖረም አልኖረም ሆድ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠይቃል፣ እጅም ይንቀሳቀሳል። ስሜት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለመደ ሰው ከወጥ ቤት የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ድስት ወዲያው ይመልሳል

ሃንጋሪያዊ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ተራራ ወጪዎችን፣ የቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ሐኪሞችን እየጠየቀ ሰው በሥራው ሙሉ ለሙሉ የሚመሰጠው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ደክሟል። ከደረሰባቸው ነገሮች ሦስቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማሉ። ሰው የሚመሰጠው ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ የሥራው ምላሽ ወዲያው ሲታየው፣ ክብደቱም ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ነው። ልቦለድ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሦስቱንም አዘውትሮ ያጣቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያውቀውም። ድስት ግን በየደቂቃው መልስ ይሰጣል።

ቁሌትን ቀረብ ብለን እንየው። ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በደረቁ ይጣዳል። ከሽንኩርት ክብደት ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ያህል ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰማው ለስለስ ያለ፣ እርጥብ የመፍላት ድምፅ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ይህ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ሽንኩርት ይለሰልሳል እንጂ ቶሎ መልኩን አይለውጥም። ውሃው መጦ ሲያልቅ ድምፁ ይሰላል፣ መንጫጫት ይጀምራል። የድስቱ ቂጥ ይግላል፣ በሽንኩርቱ ውስጥ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ቅንጣቶችም እርስ በርስ መዋሐድ ይጀምራሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሂደት ይህ ነው፤ የዳቦ ቅርፊትንም፣ የጥብስንም ቡናማ መልክና ሽታ የሚያመጣው እሱ ነው።

ይህችን ቅጽበት ያሳለፈ ያሳርራል። የቸኮለ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ወጥ ያወጣል። ባለሙያዋ የምታውቀው በጆሮዋ ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ድምፁ ሲለወጥ ዞር ትላለች። ሙቅ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ታማስላለች፣ እስኪመጥ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ጠብ ታደርጋለች። ከዚያ ዘይቱ ይገባል፣ በርበሬው ይከተላል። የበርበሬ ቀለሙና የሚያቃጥለው ነገሩ ከውሃ ይልቅ በቅባት ስለሚሟሟ ቁሌቱ በደንብ ሲቁላላ ቀይ ዘይት ጠርዝ ጠርዙን ይወጣል። ያን ያየች ሴት ማንንም ሳትጠይቅ ሥራዋ መልክ መያዙን ታውቃለች።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስንት ውሳኔ ተወሰነ! እሳት መቀነስ፣ ውሃ መጨመር፣ መቅመስ፣ ጨው መያዝ፣ ትንሽ መጠበቅ፤ እያንዳንዱም ምላሹን በቦታው አግኝቷል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ቴሬሳ አማቢሌና ባልደረቦቿ በ7 ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ 238 ሰዎች የጻፏቸውን ወደ 12,000 የሚጠጉ የዕለት ማስታወሻዎች ሲመረምሩ፣ ሠራተኛን ከምንም በላይ የሚያነቃቃው ትርጉም ባለው ሥራ አንድ እርምጃ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ወደፊት መሄዱ ሆኖ አግኝተውታል። ሥራው ከወር እስከ ወር ንቅንቅ ያላለለት ሰው የተራበው ይህችን እርምጃ ነው። ድስቱ ያበላዋል።

ሐሳብ የሚንሸራሸርበት ሥራ

ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ጋር እየተምታታ ይነገራል፤ እኔ ለይቼ ባየው እመርጣለሁ። እንግሊዛዊው ምሁር ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 የፈጠራን ሂደት በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር። መጀመሪያ ሰው ጉዳዩን ይዞ ይለፋበታል፤ ቀጥሎ ይተወዋል፤ ከዚያ መፍትሔው ድንገት ብልጭ ይላል፤ በመጨረሻ ያጣራዋል። ከአራቱ ብዙ ሰው የሚንቀው ሁለተኛውን ነው፣ ባዶ ጊዜ ስለሚመስል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ግን አይንቀውም። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ቡሃቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ማንም "ሥራ ፈትቷል" አይለውም፤ ውሃው ላዩ ላይ ሲቋጠር ሊጡ እየሠራ እንደነበር ይታያል፣ ከዚያ አብሲቱ ይጣላል።

በፈጠራ ሥራ ይህ የመተው ጊዜ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 117 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ "አዎ" ይላል፤ አንድን ችግር ለጊዜው ትቶ መመለስ መፍትሔ የማግኘትን ዕድል ከፍ ያደርጋል። በቃላት በሚፈቱ እንቆቅልሾች ላይ ደግሞ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ አእምሮን የማያስጨንቅ ቀላል ሥራ መሥራቱ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ "የማያስጨንቅ" ነው የተባለው። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ሰሃን ማጠብ እንዲህ ናቸው። እጅ መንገዱን ያውቃል፣ ዓይን ጠጠር ትፈልጋለች፣ ሐሳብ ደግሞ እንዳሻው ይንሸራሸራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩት ዶሮ ወጥ፣ ሦስት ምድጃ በአንዴ የተያዘበት የበዓል ዋዜማ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ ሙሉ ልብ ይፈልጋል፤ የሚሰጠውም ቀደም ሲል ያልነውን መመሰጥ እንጂ መንሸራሸርን አይደለም።

ስለዚህ የተቸገሩበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሳብ ሞልቶ መቋጠሪያው የጠፋበት ሰው ምስር ይልቀም። ሐሳቡም ፍላጎቱም የደረቀበት ደግሞ ሠርቶት የማያውቀውን ምግብ ይሞክር። በሁለቱም ጊዜ ስልክ ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል። ጆሮው ውስጥ የሰው ወሬ የሚፈስበት ሰው የራሱን ሐሳብ መስማት ይከብደዋል፤ የሽንኩርቱንም ድምፅ አይሰማም።

የታዘዘ ወጥና የተመረጠ ወጥ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚፈርስበት ቦታ አለ። በአብዛኛው ቤታችን ምግብ ማብሰል የሴት ግዴታ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ተመልሳ ለቤተሰቡ ራት የምታደርስ እናት "የፈጠራ ስሜትሽ እንዲመለስ ወጥ ቤት ግቢ" ብትባል ብትቆጣ እውነት አላት። ድስቱ ያው ድስት ነው፣ ቁሌቱም ያው ቁሌት ነው፤ በእሷ ላይ ግን የሚሠራው ተቃራኒውን ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ አንድ ሙከራ ይረዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ዴሲ ለተማሪዎች ኩብ ኩብ ቁርጥራጮችን እያገጣጠሙ ቅርጽ የሚሠሩበት እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ጨዋታው በራሱ ይስባል። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ለሠሩት ገንዘብ ተከፈላቸው። ክፍያው ከቆመ በኋላ እነዚህ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የማንሣት ፍላጎታቸው ካልተከፈላቸው ይልቅ ወደቀ። ዴሲ ከባልደረባው ከሪቻርድ ራያን ጋር ነገሩን ለዓመታት ገፍተውበት፣ ሰው ከውስጡ የሚነሣሣው ሦስት ነገር ሲሟላለት ነው አሉ። በራሱ ምርጫ ሲሠራ፣ እንደሚችል ሲሰማው፣ ከሰው ጋር ሲያገናኘው። ያቺ እናት መቻሉን ከማንም በላይ ትችላለች። የምታበላው ሰውም አላት። የሌላት ምርጫ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ ምክር አይደለም፣ የሥራ ክፍፍል ነው። ሌላ ሰው ወጥ ቤት ይግባ። ባል፣ ወንድ ልጅ፣ ወንድም ይግባ። የዘወትሩን ወጥ በሳምንት ጥቂት ቀን ሌላ ሰው ከያዘላት እሷም ከፈለገች አንድ ቀን ደስ ያላትን ልትሠራ፣ ካልፈለገችም ጨርሶ ላትገባ ትችላለች። "ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም" እየተባለ ያደገው ሰው ደግሞ እዚያ የሚጠብቀው ነገር አለ። በሙያው የተከበረ፣ ሁሉንም አውቃለሁ ያለ ሰው እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ውጭ አገር ለትምህርትም ለሥራም የወጡ ስንት ወንዶች ስልክ ደውለው "እማዬ፣ ሽሮው ጓጎለብኝ፣ ምን ላድርግ?" ብለዋል። መልሱም ቀላል ነው፦ "በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ጨምረው፣ ማማሰልህን ደግሞ አታቋርጥ የኔ ልጅ።" እንዲህ እየጠየቁ መማር ጎልማሳን ሰው የሚያድሰው ይመስለኛል።

የፈጠራ ሥራ እንጀራው የሆነ ሰው የሚደርቅበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ምርጫ ማጣት ነው። የወደደውን ሥራ ደንበኛ ያዝበታል፣ ቀነ ገደብ ይነዳዋል፣ የተመልካች ቁጥር ይመዝነዋል። ወጥ ቤቱ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ግን ነፃነቱን መጠበቅ አለበት። ሳህኑ ሁልጊዜ ፎቶ ተነሥቶ የሚለጠፍ ከሆነ፣ መውደድና አለመውደድ የሚቆጠርበት ሌላ የሥራ ቦታ ተከፈተ ማለት ነው።

ሲጎድል የሚወለድ

ባዶ ወረቀት ከሚያስፈራበት ምክንያት አንዱ ሁሉም ነገር መቻሉ ነው። ጓዳ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር አይቻልም፤ ያለው ይህ ሽንኩርት፣ ይህ ክክ፣ ይህች ዘይት ናት። ይህ እጥረት ሐሳብን ይሰበስባል። ለዚህ ከጾም ምግባችን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የምእመናን ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ከዚህ ክልከላ ውስጥ ስልጆ፣ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት የበዙበት ገበታ ወጣ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሽምብራ አሣ ነው። የሽምብራ ዱቄት በቅመምና በጥቂት ዘይት ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል። ከዚያ በእጅ ትንንሽ የአሣ ቅርጽ ይወጣለታል፤ አንዳንዷ ባለሙያ ጭራውንና ቅርፊቱን ሳይቀር በቢላ ጫፍ ታሳምርለታለች። ተጠብሶ ቁሌት ውስጥ ይገባል፣ መረቁን መጥጦ ይለሰልሳል። ጣዕሙን ብቻ ለሚፈልግ ዱቄቱን እንደ ቆሎ ክብ አድርጎ መጥበስ ይበቃው ነበር። አሣ እንዲመስል የደከመችው ሴት ማን እንደነበረች ስሟ አልተጻፈልንም፤ ሥራዋ ግን እስከ ዛሬ ይበላል። ይህ ቅርጻ ቅርጽ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ስደትም እንዲሁ አድርጓል። ጤፍ በማይገኝበት ዘመን አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን በስንዴ፣ በገብስና ቤኪንግ ፓውደር በተቀላቀለበት የሱቅ ዱቄት ዓይን ያለው እንጀራ ለማውጣት ያልሞከሩት ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰው አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ግዛት ውስጥ ጤፍ ማብቀል ከጀመረ በኋላም ብዙ ቤት ቅልቅሉን አልተወም፤ የራሱ አመጣጠን፣ የራሱ እጅ ሆኗል።

ለመጀመር ለሚፈልግ

አንድ ነገር በቅድሚያ። ደስታ ማጣቱ ከሥራ አልፎ ከሁሉም ነገር ከሆነ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የፈጠራ ድርቀት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ድስት የሐኪምን ቦታ አይተካም።

ሌላው አደጋ ሥራን ለመሸሽ ማብሰል ነው። ምጣድ ላይ የሚውል፣ የጠረጴዛውን ሥራ ግን የማይነካ ሰው መታደስ ላይ አይደለም። ስለዚህ ምግቡ የሚያልቅበት ሰዓት ይታወቅ፤ ከበሉ በኋላ፣ ሰሃኑ እንኳ ሳይታጠብ፣ ሥራውን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማየት ይልመድ። ብልጭ ያለ ሐሳብ ካለም ወጥ ቤት ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ደብተር ትያዘው፤ ዘይት ቢነካት ምንም አይደል።

ጨርሶ አብስሎ ለማያውቅ ሰው የምመርጠው ሽሮ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቢበላሽም ብዙ አይከስርም። በመጀመሪያው ጊዜ እንደተነገረዎት ይሥሩት፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ሽሮ፣ ጨው። በሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ነጭ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ሳይሆን ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፣ ጣዕሙ ምን እንደሆነ ይቅመሱ። ከዚያ ሌላ ቀን በሶብላ፣ ሌላ ቀን ቲማቲም፣ ሌላ ቀን እሳቱን ቀንሶ ረጅም ሰዓት ማንተክተክ። ሁለት ነገር በአንዴ ከተለወጠ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። የሚቀምስልዎት ሰው ካለ "ጥሩ ነው" በሚለው አይልቀቁት፤ ከባለፈው በምን እንደሚለይ ይጠይቁት።